አዝራሯ ስትነካ ሰሚው ማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በኮምፒዩተር ክበብ አባሎች የተነገረ)





መተማ የተባለ እንደ ሆነ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው የሚሄደው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ለአገራቸው ሲዋጉ ወደ ወደቁበት ሜዳ ነው፤ እንዲህ መሆኑም የሚገባ ነው። ስለዚያ ታላቅ ነገር የታሪክ ክበብ ጓደኞቻችን በሚገባ ተናግረዋል። እኛ ግን የመጣነው ስለ አንዲት እጅግ ትንሽ ነገር ልንናገር ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ተሥላ ስለምትታይ አንዲት አዝራር ነው።

«ይህች ደግሞ ምን የምታስነግር ናት?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ቀድሞ እንዲሁ እናስብ ነበርና። ነገር ግን በዚህች ትንሽ አዝራር ምክንያት አንዲት እናት ያልወሰዱትን ዘር ወስደዋል ተብለው ሊከፍሉ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ጥፋቱም የሌላ የማንም አልነበረም፤ የኛው የክበቡ አባሎች ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ዕውቀታችንን ለማሳየት ሳይሆን፥ ከስሕተታችን ያገኘነውን ትምህርት ለናንተ ለማካፈል ነው።

አስቀድመን አዝራር ምን እንደ ሆነች እንግለጽ። በአንዳንድ ጽሕፈት ቤት ጥግ አቧራ ለብሶ የሚገኘውን የጽሕፈት መኪና ያላየ የለም። የጽሕፈት መኪና ቁልፍ ከብረት ክንድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑት ክንዱ ይነሣል፥ ክንዱም ፊደሉን በወረቀቱ ላይ ያትማል። በቁልፉና በሥራው መካከል ያለውን ማያያዣ በዓይን ማየት፥ በእጅም መዳሰስ ይቻላል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለማስገኘት በደከሙበት ዘመን የገጠማቸው ችግር ይኸው የብረት ነገር ነበር፤ ከ200 የሚበልጠውን ፊደላችንን ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሰጥቶ በአንድ መኪና ላይ ማስፈር አይቻልምና።

የኮምፒዩተር አዝራር ግን ከበስተኋላዋ ብረት የላትም። ሥዕል ብቻ ናት። ሰው በማውስ ሲነካት ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው «በዚህ ስፍራ ላይ ጣት አረፈ» የሚለውን ብቻ ነው። ይህን ወሬ መስኮቱ ለሆነው ፕሮግራም ያስተላልፋል፤ ፕሮግራሙም በዚያ ስፍራ የተሣለችው የትኛዋ አዝራር እንደ ሆነች ፈልጎ ያገኛል፤ ከዚያም በአዝራሯ ስም «ተነክቻለሁ» የሚል ቃል ይወጣል። ይህ ቃል በሙያው ቋንቋ ኢቨንት ይባላል፤ እኛ በክበባችን «ጥሪ» እንለዋለን። ጥሪውን ሰምቶ ሥራውን የሚሠራው የፕሮግራም ክፍል ደግሞ ኮንትሮለር ይባላል፤ እኛ «ጉዳይ ፈጻሚ» ብለነዋል።

እንግዲህ ሐሳባችን በዚህ ላይ እንዲያርፍ እንለምናችኋለን፤ ጥሪውን የሚሰማ ጉዳይ ፈጻሚ ካልተሾመ ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። አዝራሯ ስትነካ ጎድጎድ ትላለች፥ ቀለሟም ትንሽ ይለወጣል፤ ሥራ ግን የለም። ኮምፒዩተሩም «ስሕተት አለ» ብሎ አይናገርም። በአገራችን አነጋገር ሰሚ ያጣ ጩኸት ይሆናል ማለት ነው።

ይህን በቀላሉ ለመረዳት የአባቶቻችንን የፍርድ ሥርዓት እናስብ። በቀድሞ ዘመን የተበደለ ሰው ከግቢው ደጅ ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮኽ ነበር። ጩኸቱ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ጩኸቱን ሰምቶ ባለጉዳዩን የሚያስገባ አጋፋሪ ያስፈልጋል፤ ነገሩን የሚመረምር ዳኛ ያስፈልጋል፤ የተፈረደውም የሚጻፍበት መዝገብ ያስፈልጋል። አዝራሯ እንደ ባለጉዳዩ ናት፤ ጥሪውን የሚያደርሰው የፕሮግራሙ ክፍል እንደ አጋፋሪው ነው፤ ኮንትሮለሩ እንደ ዳኛው፥ መረጃው የሚቀመጥበት ክፍል እንደ መዝገቡ ነው። ባለጉዳይ ራሱ ዳኛ ቢሆን ፍርድ እንደሚበላሽ ሁሉ፥ አዝራሯ ራሷ መዝገቡን የምትጽፍ ከሆነች ፕሮግራሙ ይበላሻል።

ይህን ሦስት ክፍል ለይቶ የማቆም ሐሳብ በስም የታወቀው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. ነው። ትሪግቬ ሬንስካውግ የተባሉ የኖርዌይ ሰው በአሜሪካ፥ በፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ቤት በእንግድነት ሲሠሩ፥ ስሞልቶክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሞዴል፥ ቪውና ኮንትሮለር ብለው ለሦስቱ ስም ሰጧቸው። ሞዴል መዝገቡ ነው፤ ቪው ዓይን የሚያየው መስኮት ነው፤ ሦስተኛው ኮንትሮለር ነው። ከዚያም ወዲህ ብዙዎች አዝራርንና ኮንትሮለርን ለማገናኘት ልዩ ልዩ ዘዴ አወጡ። በ1988 የኔክስት ኮምፒዩተር ሲወጣ፥ ፕሮግራም ሠሪው ከአዝራሯ ተነሥቶ እስከ ጉዳይ ፈጻሚው ድረስ በማውስ መሥመር እየጎተተ ያያይዛቸው ነበር። በ1991 የወጣው ቪዡዋል ቤዚክ ደግሞ በስም አገናኘ፤ የአዝራሯን ስምና የጥሪውን ስም አጣምሮ የያዘ የሥራ ክፍል ካለ ጥሪው ወደዚያ ይሄዳል። በ1997 የጃቫ ቋንቋ «ሰሚዎችን» አመጣ፤ ጥሪን ለመስማት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ በአዝራሯ ዘንድ መመዝገብ አለበት። በ2011 ደግሞ ጃቫ ኤፍ ኤክስ በሁለተኛው እትሙ መስኮቱን በአንድ ጽሑፍ፥ ጉዳይ ፈጻሚውን በሌላ ጽሑፍ ለይቶ ማስቀመጥን አስለመደ። እኛም የምንሠራው በዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር እንዳይመስላችሁ፥ በየቀኑ አማርኛ ስንጽፍ የምናደርገውን እንመልከት። ፊደላችን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ በዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ የታወቀ ቍጥር አለው። ነገር ግን በመክተቢያው ላይ ያሉት ቁልፎች ያው ጥቂት ናቸው። በድምፅ አጻጻፍ ስንከትብ አስቀድመን የ«ል»ን ቁልፍ እንነካለን፤ «ል» ይታያል። ቀጥለን የ«ኦ»ን ቁልፍ እንነካለን፤ ያን ጊዜ «ል» ጠፍቶ በስፍራው «ሎ» ይተካል። ይህን የሚያደርገው ማን ነው? ቁልፉ አይደለም፤ ቁልፉ «ተነክቻለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ጥሪውን የሚሰማ፥ ከዚህ በፊት ምን እንደ ተጻፈ የሚያስታውስ፥ አስታውሶም የሚወስን አንድ ሰሚ ከበስተኋላ አለ። ኢንጂነር አያና ብሩን በብረት ያስቸገረው ነገር በዚህ ሰሚ ትከሻ ላይ ወደቀ ማለት ነው። አንድ ብቻ ስለ ሆነም ሥራው ይቃናል፤ ሁለት ሰሚዎች ቢሆኑ ኖሮ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ይጽፉልን ነበር። ይህን የመጨረሻውን ቃል እባካችሁ ያዙልን፤ ወደርሱ እንመለሳለንና።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። ከከተማችን እምብዛም በማይርቅ ስፍራ ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የዘር ብድሩን በኮምፒዩተር ለመመዝገብ ፈልጎ ክበባችን እንዲረዳው ጠየቀ። እንደምታውቁት በኛ ቆላ ሰሊጥ ማለት ደመወዝም፥ የልጅ ትምህርትም፥ የሠርግ ወጪም ነው። ገበሬው ክረምቱ ሲገባ ዘር ይበደራል፤ ሰሊጡ ታጭዶ ሲራገፍ ዕዳውን ይከፍላል። ኢንተርኔት በየጊዜው ስለሚቋረጥ፥ ፕሮግራሙ ከማንም መሥመር ጋር ሳይገናኝ በዚያው በማኅበሩ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ እንዲሠራ ወሰንን። በመስኮቱ ላይ የተበዳሪው ስም፥ የዘሩ ዓይነትና ክብደቱ የሚጻፍባቸው ሣጥኖች ነበሩ፤ በታችም «መዝግብ» የምትል አንዲት አዝራር።

በጃቫ ኤፍ ኤክስ መስኮቱን የሚገልጸው ጽሑፍ ኤፍ ኤክስ ኤም ኤል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ነገር ይጻፋል። አንደኛ፥ የዚህ መስኮት ኮንትሮለር ማን እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፥ ኮንትሮለሩ እንዲያውቃቸው የሚፈለጉት የሣጥኖቹ መለያ ስም፤ ሦስተኛ፥ አዝራሯ ስትነካ ከኮንትሮለሩ ሥራዎች የትኛው እንደሚጠራ። ፕሮግራሙ ሲነሣ ጫኚ የተባለው ክፍል ይህን ጽሑፍ አንብቦ መስኮቱን ይሠራል፤ ኮንትሮለሩንም ራሱ ይፈጥራል፤ ሣጥኖቹን ያስረክበዋል፤ በመጨረሻም «ተዘጋጅ» ብሎ ይጠራዋል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስሕተት ሠራን። ጫኚው ኮንትሮለሩን ራሱ እንደሚፈጥር ሳናስተውል፥ እኛም በበኩላችን ሌላ ኮንትሮለር ፈጠርንና የተበዳሪዎቹን ስም ዝርዝር ሰጠነው። መስኮቱ ሲከፈት ባዶ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ፥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሚያዝያ ወር፥ ላባችንን እየጠረግን ፈለግን። ነገሩ ለካ ሁለት ጸሐፊዎች ሾመን፥ ዝርዝሩን ለአንዱ ሰጥተን፥ ወንበሩን ለሌላው ሰጥተን ኖሯል! መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ «የፈጠርከውን ኮንትሮለር አሳየን» ብሎ ጫኚውን መጠየቅና ዝርዝሩን ለዚያው መስጠት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ግን የዚህን ያህል ቀላል አልነበረም። በሰኔ ወር የማኅበሩ ጸሐፊ «አዝራሩ አንዳንድ ጊዜ አይሰማም» ብሎ ነገረን። ያን ጊዜ በሚገባ መመርመር ሲገባን ቸኰልን። ከመካከላችን አንዱ «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል ይባል የለም ወይ?» አለና ሁላችንም ተስማማን። በኤፍ ኤክስ ኤም ኤሉ ጽሑፍ ያለውን ማያያዣ ሳንነካ፥ በኮንትሮለሩ የመዘጋጃ ክፍል ውስጥ ለዚያችው አዝራር ሁለተኛ ሰሚ ጨመርን። ምሳሌው ለቤት ምሰሶ እውነት ነው፤ ለጥሪ ሰሚ ግን እውነት አይደለም። ባላ የሚያገለግለው ሌላው ሲሰበር ነው፤ ሰሚ ግን ጓደኛው ሰማ አልሰማ ሳይል ይሠራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዝራሯ አንድ ጊዜ ስትነካ ሁለቱም ሰሙ፥ ሁለቱም መዘገቡ። መስኮቱ የሚያሳየው የመጨረሻውን ምዝገባ ብቻ ስለ ነበረ ማንም አላወቀም።

ኅዳር ደረሰ። አንዲት እናት ዕዳቸውን ሊከፍሉ ወደ ማኅበሩ መጡ። የአንዳችን ጓደኛ በዚያ ነበርና የሰማውን እንደ ሰማው እንነግራችኋለን።

«እማማ፥ የርስዎ ዕዳ 40 ኪሎ ዘር ነው» አለ ጸሐፊው።

«ልጄ፥ እኔ የወሰድሁት 20 ነው። ጣቴን ያሳረፍሁበት ወረቀት ይኸው።»

«ኮምፒዩተሩ 40 ይላል፤ እማማ፥ ኮምፒዩተር እኮ አይሳሳትም።»

እናቲቱ ወደ ኮምፒዩተሩ አዩና፥ «ታዲያ እርሱን ማን አስተማረው?» አሉ።

ጸሐፊው መልስ አላገኘም። ጓደኛችን ግን መልሱን ያውቅ ነበርና አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ በዚያው ማታም ሁላችንን ሰብስቦ ነገረን።

በነጋታው ለማኅበሩ ሹሞች ጥፋታችንን ተናገርን። ሁለተኛው ሰሚ ከተጨመረበት ቀን ወዲህ የተመዘገበውን ሁሉ በማኅበሩ እጅ ከቀረው የደረሰኝ ቅጂ ጋር አንድ በአንድ አስተያየን፤ ሁሉም እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ወረቀታቸውን የጣሉ ሰዎችም ነበሩ፤ ቅጂው ባይኖር ኖሮ ያለ ዕዳቸው ሊከፍሉ ነው። አርመን ስንጨርስ እናቲቱን ይቅርታ ጠየቅን። እርሳቸውም መርቀው አሰናበቱን፤ ምርቃቱ ከቁጣ ይልቅ ከበደን።

ከዚያ በኋላ ያልመረመርነውን ነገር መረመርን፤ አዝራሯ በመጀመሪያ «አልሰማም» ያለችው ለምን ነበር? ምክንያቱ ማያያዣው መላላቱ አልነበረም። በጃቫ ኤፍ ኤክስ ጥሪን ሁሉ የሚቀበል፥ መስኮቱንም የሚያድስ አንድ የሥራ መሥመር ብቻ አለ። እኛ ደግሞ መዝገቡን በዲስክ ላይ የመጻፉን ረጅም ሥራ በዚያው መሥመር ላይ ጭነን ነበር። አሮጌው ኮምፒዩተር ሲጽፍ ሲቆይ፥ አጋፋሪው ራሱ ጓዳ ገብቶ እንጨት እንደሚፈልጥ ያህል፥ በደጅ ሰሚ ይጠፋል። ሰሚ የጠፋ የመሰለው ሰው አዝራሯን ደጋግሞ ይነካል፤ ጥሪዎቹ ግን አይጠፉም፤ ተሰልፈው ይቆዩና ተራ በተራ ይፈጸማሉ። ይህም ሌላ የእጥፍ መንገድ ነው።

ስለዚህ አራት ነገር አደረግን። ትርፉን ሰሚ አስወገድን፤ የአዝራሯ ማያያዣ በአንድ ስፍራ ብቻ፥ በኤፍ ኤክስ ኤም ኤሉ ጽሑፍ ውስጥ እንዲገኝ ወሰንን። ረጅሙን ሥራ ከበስተኋላ ለሚሠራ ሌላ መሥመር ሰጠን፤ ሲጨርስ ብቻ ወደ መስኮቱ መጥቶ «ተፈጽሟል» ይላል። አዝራሯም አንድ ጊዜ ከተነካች በኋላ ሥራው እስኪያልቅ እንዳትነካ ዘጋናት። በመጨረሻም እያንዳንዱ ብድር የደረሰኙን ቍጥር እንዲይዝ፥ መዝገቡም አንድን ቍጥር ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል አደረግን። ይህ አራተኛው ከሁሉ የበለጠ ነው፤ ደጁ ላይ ስሕተት ቢገባ እንኳ መዝገቡ ራሱን ይጠብቃልና። መስኮቱ፥ ጉዳይ ፈጻሚውና መዝገቡ ተለያይተው ስለ ተጻፉ፥ ይህን ሁሉ ስናርም የመስኮቱን መልክ አልለወጥንም፤ ጸሐፊውም እንደ ገና መማር አላስፈለገውም።

የተወደዳችሁ ወላጆችና ጓደኞቻችን፤ ከዚህ ታሪክ ያገኘነው ትምህርት አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ጥሪ አንድ የታወቀ፥ የሚጠየቅ ሰሚ ሊኖረው ይገባል። ሰሚ ከሌለው ባለጉዳይ ይጉላላል፤ ሁለት ካለው ባለጉዳይ ይበደላል። ደግሞም የሚጮኽ ስሕተት ዝም ካለ ስሕተት ይሻላል። በኤፍ ኤክስ ኤም ኤሉ የሥራውን ስም አንድ ፊደል ብንሳሳት መስኮቱ ጭራሽ አይከፈትም፤ እኛም እናዝናለን፥ እናርማለን። እጥፍ የሚጽፈው ግን በሰላም ይከፈታል፥ በሰላም ይዘጋል፤ ሰውን ግን ይጎዳል።

የመተማ ልጆች ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ልንረዳው ይገባናል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፥ በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ፥ ብዙ ሕዝብ ልጁን አዝሎ በዚህችው ከተማችን በኩል ድንበር ሲሻገር በዓይናችን አይተናል። ሁሉን ትቶ ለመጣ ሰው ስሙ አንድ ጊዜ፥ በትክክል መጻፉ የዕለት እንጀራ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስም የሚጽፍ ፕሮግራም ነገ ከናንተ አንዱ ይሠራው ይሆናል።

ስለዚህ ተማሪዎችን የምንለምነው፥ አንድ ነገር ሥራ እንቢ ሲል መድኃኒት ከመደራረባችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ። መምህራንን የምንለምነው፥ ስሕተታችንን ደፍረን እንድንናገር እንደ እስከ ዛሬው አበረታቱን። ወላጆችን የምንለምነው ደግሞ ሁለት ነገር ነው፤ ደረሰኛችሁን አትጣሉ፤ «ኮምፒዩተሩ እንዲህ ይላል» የሚላችሁ ሰው በመጣ ጊዜም፥ እንደዚያች እናት «ታዲያ እርሱን ማን አስተማረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያስተማርነው እኛ ልጆቻችሁ ብንሆን፥ መልስ ልንሰጣችሁ ይገባናል።